«ቁጭ በል!»፦ ትምህርት ቤት ልጅን ስለራሱ ምን ያስተምረዋል?

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ስሜን ጠሩና ጠመኔውን ሰጡኝ። ሰሌዳው ላይ «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ» ተጽፏል። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደመርኩና ሁለት አምስተኛ ብዬ ጻፍኩ። ቶሎ ስለጨረስኩ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብያለሁ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩ ሰሌዳውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁጭ በል። አንተ ሒሳብ አይሆንልህም።»

ከሰሌዳው እስከ ዴስኬ ቢበዛ ሰባት እርምጃ ነው። ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፍሉ በተማሪ ጢም ብሏል፣ ደወሉም ሊደወል ነው። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ያሉትን የሚያስታውሱት አይመስለኝም። እኔ ግን ያን ቀን ስለ ክፍልፋይ ምንም ሳልማር ስለራሴ አንድ ነገር ተምሬ ወጣሁ። ማንም ፈትኖኝ አያውቅም። ግን እንደሱ አድርጌ የያዝኩት ትምህርት የለም።

ስለ ትምህርት ቤት ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ውጤቱ። ሁለተኛው ትምህርት ግን በየቀኑ ይሰጣል። ማን ተጠራ? ማን ታለፈ? የተሳሳተው ምን ተባለ? የሚወዳደረው ከማን ጋር ነው? ልጅ ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚሠሩት እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የግድግዳው መፈክርና የወላጆች ቀን ንግግር ያን ያህል አይደርስበትም።

«በቂ ነኝ» እና «እበልጣለሁ»

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በራስ መተማመን እና ለራስ የሚሰጥ ግምት አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። በራስ መተማመን «ይህን ነገር እችለዋለሁ» ማለት ነው። ለራስ የሚሰጥ ግምት ደግሞ «እኔ እንደ ሰው ዋጋ አለኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ለራሳችን የምንመልሰው መልስ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ የሚፎክረው ልጅ ማታ ብቻውን ሲሆን «እኔ እኮ የማልረባ ነኝ» ሊል ይችላል።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 ይህን ነገር ለመለካት 10 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኒው ዮርክ ከ5,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አጥንቶ ነበር። መጠይቁ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ከመጠይቁ ይልቅ ግን እኔን የያዘኝ አንድ ማብራሪያው ነው። ለራስ ከፍ ያለ ግምት መስጠት ማለት «ከሌላው እበልጣለሁ» ማለት አይደለም ይላል። «በቂ ነኝ» ማለት ነው።

አሁን ትምህርት ቤትን አስቡት። ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠይቀው የትኛውን ነው? ማን በለጠ? ማን ቀደመ? ማን አንደኛ ወጣ? «በቂ ነህ» የሚል ሳጥን የውጤት ካርድ ላይ አይቼ አላውቅም።

ከሮዘንበርግ በፊት፣ በ1890፣ የአሜሪካ ሥነ ልቦና አባት የሚባለው ዊሊያም ጄምስ ነገሩን እንደ ክፍልፋይ አስቀምጦት ነበር። (ክፍልፋይ ከኔ ላይ መቼም አይወርድም።) ከላይ ያገኘኸው፣ ከታች የተመኘኸው። ለራስህ የምትሰጠው ግምት የሁለቱ ውጤት ነው። በራሱ ላይ ምሳሌ ሲሰጥ፣ በሥነ ልቦና እውቀት ሌላ ሰው ከበለጠው ያንገበግበዋል፤ ግሪክኛ ባለማወቁ ግን ቅንጣት አያፍርም። አንዱን የሕይወቱ ጉዳይ አድርጎታል፣ ሌላውን አላደረገውም። 90 አምጥታ የምታለቅስና 60 አምጥቶ የሚስቅ ተማሪ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ለዚህ ነው።

ትንንሾቹ ልጆች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። የአምስት ዓመት ልጆች የተቀመጡበት ክፍል ገብታችሁ «ፈጣን ሯጭ ማነው?» በሉ። ሁሉም እጁን ያወጣል። የስምንት ዓመቶቹን ጠይቁ፤ ጣታቸውን ወደ አንድ ልጅ ይቀስራሉ። በሁለቱ መካከል ልጁ ራሱን ከሌላው አጠገብ አቁሞ መለካት ተምሯል። ይህ ደግሞ ትምህርት ቤት መደርደር ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማል።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል። «ልጅ በራሱ ኮርቶ ይገባል፣ ትምህርት ቤት አድቅቆት ይወጣል» የሚል ወሬ ይወራል። ለአብዛኛው ልጅ እውነት አይደለም። በ2018 የወጣ ትልቅ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት ከ4 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ በአማካይ ይጨምራል። ከ11 እስከ 15 ባለበት ይቆማል። ከዚያ እንደገና ሽቅብ ይሄዳል። ይህ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ከታች ያሉትን ይደብቃል። ጥያቄው ወደ ታች የሚወርዱት እነማን ናቸው፣ ምንስ ገፋቸው የሚለው ነው።

ትልቅ ዓሣ፣ ትንሽ ኩሬ

ሁለት ልጆችን አስቡ። ችሎታቸው እኩል ነው፤ ተመሳሳይ ፈተና ቢፈተኑ ተመሳሳይ ነጥብ ያመጣሉ። አንዷ መካከለኛ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጣች። ሌላዋ ተፈትነው የሚገቡበት፣ ጎበዝ ብቻ የሚሰበሰብበት ትምህርት ቤት ገባች፤ አርባኛ ወጣች። «በትምህርት ጎበዝ ነኝ» የምትለው የትኛዋ ናት?

መልሱን ታውቁታላችሁ። ኸርበርት ማርሽ የተባለ ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ነገር ሲያጠና ኖሯል። ስሙንም «ትልቅ ዓሣ በትንሽ ኩሬ» ብሎታል። በ2003 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት 26 አገሮችን አየ፤ ከ100,000 በላይ የ15 ዓመት ተማሪዎች ነበሩበት። ባህላቸውም ሥርዓተ ትምህርታቸውም የተለያየ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ዓይነት ሆነ። ችሎታቸው እኩል ከሆነ፣ የጎበዞች ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ ስለ ትምህርት ችሎታው ያለው ግምት ዝቅ ይላል።

ይህ ማለት ልጃችሁን ጥሩ ትምህርት ቤት አታስገቡ ማለት አይደለም። ጥሩ መምህር፣ ጥሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ጠንካራ ጓደኛ ቀላል ነገር አይደለም። የሚለካውም ስለ ትምህርት ችሎታ ያለው ግምት ነው፤ ሰውነቱን በሙሉ አይደለም። ግን በየዓመቱ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሠላሳኛ ሲወጣ፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ንግግር «ምን ነካህ? ድሮ እንዲህ አልነበርክም!» ከሆነ፣ ነገሩን የተረዳው ሰው የለም ማለት ነው። ልጁ አልተለወጠም። የተለወጠው ኩሬው ነው።

ስለ ደረጃ ሳወራ አንድ ነገር አንጀቴን ያሳርረኛል። ደረጃ በባሕሪው የማይጠግብ ነገር ነው። ክፍሉ ውስጥ 50 ተማሪ ቢኖር አንደኛ የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ዘንድሮ ሁሉም ተማሪ በርትቶ 10 ነጥብ ቢጨምር፣ ደረጃው አንዲት ጣት አይነቃነቅም። ሠላሳ ሰባተኛው ሠላሳ ሰባተኛ ነው። ዓመት ሙሉ ሠርቶ፣ እውነትም ተሻሽሎ፣ ካርዱን ሲያየው ያው የድሮው ቁጥር ነው። ታዲያ ይህ ልጅ «ብሠራም ባልሠራም ያው ነው» ቢል ተሳስቷል? ካርዱ የነገረውን ነው ያነበበው። ከዚያ ላይ ደረጃው በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ከተነበበ፣ እንግዲህ ፈተናው ሁለት ጊዜ ወደቀበት ማለት ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ልጅ ራሱን የሚያወዳድረው ከጎኑ ካለው ጋር ብቻ አይደለም። አንዱን ትምህርቱን ከሌላው ትምህርቱም ጋር ያወዳድራል። ማርሽ ይህንንም በ1986 አሳይቷል። በቋንቋ 95፣ በሒሳብ 80 ያመጣች ልጅ «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም» ትላለች። 80 እኮ ነው! ከክፍሉ ግማሽ ያንን 80 ቢያገኝ ድግስ ይደግሳል። እሷ ግን 95ቱ አጠገቡ ስለቆመ አሳነሰችው። ከዚያ ምርጫ ሲመጣ ሒሳብ ያለበትን መስመር ሁሉ ትሸሻለች። ማንም «አትችይም» ሳይላት።

አንዲት ሴኮንድ

ወደ መምህራን እንምጣ። «አይሆንልህም» የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ ግን ብዙ መምህራን እንዲህ አይናገሩም። አብዛኛው መልእክት የሚተላለፈው ሳይነገር ነው።

በ1970 ጄር ብሮፊ እና ቶማስ ጉድ የአንደኛ ክፍል መምህራንን ተቀምጠው ታዘቡ። መምህሩ ጎበዝ ነው ብሎ የሚያስበው ተማሪ ሲሳሳት ጥያቄው ይደገምለታል፤ በሌላ አባባል ይቀርብለታል፤ ፍንጭ ይሰጠዋል። ሰነፍ ነው ተብሎ የታሰበው ሲሳሳት ጥያቄው ወደ ሌላ ልጅ ያልፋል። በተቃራኒው ልክ ሲመልስም የሚያገኘው ሙገሳ ያንሳል። መምህራኑ ይህን ሆን ብለው አላደረጉትም።

ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ሰዓት ይዛ ለካች። መምህር ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ይጠብቃል? በአማካይ አንድ ሴኮንድ ገደማ። ከዚያ ወይ ራሱ ይመልሳል፣ ወይ ሌላ ይጠራል። ወደ ሦስት ሴኮንድ ከፍ ሲያደርጉት መልሶቹ ረዘሙ፤ «አላውቅም» ቀነሰ፤ ዝም የሚሉት ልጆች መናገር ጀመሩ። ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነው የተጨመረው። እስቲ አሁን ቆጥሩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በክፍል ውስጥ ረጅም ነው፤ ያስጨንቃል። ግን መምህሩ ያን ጭንቀት ሲችል ልጁ የሚሰማው «መልስ እንዳለህ አምናለሁ» የሚል ነው።

የመምህር እምነት ልጅን ይለውጣል የሚለው ሐሳብ ዝናውን ያገኘው ከሮበርት ሮዘንታል እና ሌኖር ጃኮብሰን በ1968 ከወጣው ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ በዕጣ ከመረጧቸው ልጆች ስም አጠገብ «እነዚህ ዘንድሮ ይመነጠቃሉ» ብለው ለመምህራን ሰጡ። በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉት ልጆች የምርም ከሌሎቹ በለጡ። ታሪኩ ያምራል፤ ስለሚያምርም በየሥልጠናው ይወራል። ግን በሙከራው ላይ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል። በኋላ የወጡት ግምገማዎች የመምህር ግምት የሚያመጣው ለውጥ በአማካይ ትንሽ ነው ይላሉ። በሌላ ምክንያት አስቀድመው በተናቁ ልጆች ላይ ግን ጠንከር ይላል። ለኔ ይህ ያሳምነኛል። ቤቱ ጎበዝ ሲባል ያደገን ልጅ የአንድ መምህር ቃል አይጥለውም። ከየትም በጎ ቃል የማይሰማው ልጅ ግን መምህሩን አምኖ ይቀመጣል።

ሙገሳም ይገድላል

ስድብ የሚጎዳ ከሆነ ሙገሳ ያድናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ካሊፎርኒያ ይህን የምር ሞክራዋለች። ጆን ቫስኮንሴሎስ የተባለው የምክር ቤት አባል ባቀረበው ሕግ መሠረት በ1986 «ለራስ የሚሰጥ ግምትን» የሚያሳድግ የመንግሥት ግብረ ኃይል ተቋቋመ። በ1990 ሪፖርቱን አወጣ። ለራስ የሚሰጥ ግምት ከወንጀልም፣ ከሱስም፣ ከትምህርት ውድቀትም የሚያድን ክትባት ነው ተባለ። ትምህርት ቤቶች ተከትለው ልጆችን በሙገሳ ማጥለቅለቅ ጀመሩ። አንተ ልዩ ነህ። አንቺ ግሩም ነሽ። ሁሉም ተሸላሚ ነው።

በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ እስከዚያ የነበረውን ጥናት ሰብስበው ሲያዩት ነገሩ ወደ ኋላ የተጎተተ ጋሪ ሆኖ ተገኘ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ተማሪዎች በትምህርት የተሻሉ መሆናቸው በመጠኑ እውነት ነው። ግን በአብዛኛው የሚቀድመው ውጤቱ ነው። ልጁ ሲችል ለራሱ ያለው ግምት ይጨምራል። ግምቱን በቃል ስለነፉት አይችልም።

እንዲያውም የተሳሳተ ሙገሳ ጉዳት አለው። በ1998 ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን እንቆቅልሽ አስፈቱ። እኔ ያን ሰሌዳ ፊት የቆምኩበት ዕድሜ መሆኑ ነው። እንቆቅልሹ ቀላል ነበር፤ ልጆቹ ሠሩት። ከዚያ አንዳንዶቹን «ጎበዝ፣ ብሩህ አእምሮ አለህ» አሏቸው። ሌሎቹን «ጎበዝ፣ በርትተህ ሠርተሃል» አሏቸው። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቀጥሎ ከበድ ያለ ሥራ ሰጧቸው፤ ሁሉም ተቸገሩ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው ቀላል የሆነ ተሰጣቸው። «ብሩህ» የተባሉት ከመጀመሪያው ውጤታቸው በታች ወረዱ። «በርትተሃል» የተባሉት ተሻሻሉ።

አንጀት የሚበላው ሌላ ነው። ልጆቹ ለማያውቁት ተማሪ ውጤታቸውን በወረቀት እንዲጽፉ ተጠየቁ። «ብሩህ» ከተባሉት ከ10 ወደ 4 የሚሆኑት ዋሹ፤ ከፍ አድርገው ጻፉ። ምን ያድርጉ? ብሩህ መሆናቸው ተነግሯቸዋል። ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል። ማዕረግ ደግሞ ይጠበቃል።

በ2014 ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤዲ ብሩመልማንና ጓደኞቹ የተጋነነ ሙገሳን መረመሩ። ልጆች ሥዕል ሳሉ። አንዳንዶቹ «ያምራል» ተባሉ፤ አንዳንዶቹ «እጅግ በሚገርም ሁኔታ ያምራል!» ተባሉ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ልጆች የተጋነነውን ሲሰሙ በቀጣዩ ዙር ቀለል ያለውን ሥዕል መረጡ። አዋቂዎች ደግሞ የተጋነነውን ሙገሳ የሚያዘወትሩት ለእነዚህ ለተሰበሩት ልጆች ነው። በደግነት። ልጁ ግን የሚሰማው ሌላ ነው፤ «ሁልጊዜ እንዲህ መሆን ይጠበቅብሃል።»

«ታዲያ ጥረታቸውን እናሞግስ» ብላችሁ ግድግዳ ላይ ልትጽፉ ከሆነ እሱም ብቻውን ያን ያህል አያራምድም። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ወደ 12,000 በሚጠጉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ «አእምሮ በልምምድ ያድጋል» የሚል ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት ተሞከረ። ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች ውጤት ከ4 ነጥብ በሚሰላው አማካይ ላይ 0.1 ገደማ ጨመረ። ለአንድ ሰዓት ሥራ አይናቅም። ተአምርም አይደለም።

«ምንም አላጠናሁም»

ፈተና ጠዋት በር ላይ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ። «አጠናህ?» «ኧረ ምንም! ደብተሬን አልገለጥኩም።» ሁሉም ነው እንዲህ የሚለው። ቀለሜዋም፣ ሲያጠና ያደረውም። ግማሹ ውሸት መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ማርቲን ኮቪንግተን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ለዚህ ጥሩ ማብራሪያ አለው። ትምህርት ቤት ችሎታን ከሰው ዋጋ ጋር ካገናኘው፣ ለተማሪ ትልቁ አደጋ መውደቅ አይደለም፤ በርትቶ ሠርቶ መውደቅ ነው። ሳያጠና የወደቀ ሰበብ አለው፤ «ባጠና ኖሮ አልፍ ነበር።» አጥንቶ የወደቀ ግን ምን ይላል? ስለዚህ አንዳንዱ ተማሪ ሰበቡን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ደብተሩን ይረሳል። ፈተና ዋዜማ ኳስ ያያል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄዶ ይቀልዳል። መምህሩ «ሰነፍ» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር «ሰነፍ» መባል ለልጁ ትንሿ ስድብ ናት። የፈራው «ደደብ»ን ነው።

ይህን ሳነብ ራሴን አገኘሁት። ከዚያ ከሰሌዳው ቀን በኋላ ሒሳብ ደብተሬን ምን ያህል ጊዜ ቤት «ረስቼው» እንደሄድኩ! እናቴ «ይህ ልጅ አእምሮው የት ነው?» ትል ነበር። አእምሮዬማ እዚያው ነበር። ሥራ ላይ ነበር።

ስህተት እንዴት እንደሚመለስም ቀላል ነገር አይደለም። ሩት በትለር በ1988 ያወጣችው የእስራኤል ተማሪዎች ሙከራ እዚህ ላይ ዓይን ይከፍታል። አንዳንዱ ክፍል በሥራው ላይ ነጥብ ብቻ ተሰጠው። አንዳንዱ አስተያየት ብቻ። አንዳንዱ ሁለቱንም። ፍላጎታቸውም ሥራቸውም ከፍ ያለው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ሁለቱንም ያገኙት ነጥብ ብቻ ካገኙት ብዙም አልተለዩም። ማንም ተማሪ የነበረ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ወረቀቱ ሲመለስ ዓይን መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ቀዩ ቁጥር። ከዚያ ወደ ጎረቤት ቀይ ቁጥር። መምህሩ ሌሊት ቁጭ ብሎ ከሥር የጻፈውን ማን ያነበዋል?

ስለ ጉልበተኝነትና ስለ ስም ማውጣት ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አጭር ላድርገው። ዩኔስኮ በ2019 እንዳወጣው፣ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ ባለፈው ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን በእኩዮቹ ጥቃት ደርሶበታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ መልክና ቁመና ነው። ጉዳዩ አዙሪት መሆኑ ይከፋል። ጥቃት ለራስ ያለውን ግምት ያወርዳል፤ ግምቱ የወረደው ልጅ ደግሞ ለቀጣዩ ጥቃት ይመቻል። ትከሻው ላይ ይነበብበታላ።

ትምህርት ቤት የሚቀየርበት ጊዜም ይታሰብበት። ሮበርታ ሲመንስ እና ዴል ብላይዝ ሚልዋኪ ከተማ ያሉ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለው በ1987 ያወጡት ጥናት አለ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ወደ ትልቅ አዲስ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ሴቶች ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ወረደ። እስከ ስምንተኛ እዚያው በለመዱበት የቆዩት እንዲህ አልሆኑም። አካላቸው እየተለወጠ፣ ጓደኛ እየተበተነ፣ አንድ የሚያውቃቸው መምህር በስድስት የማያውቋቸው ሲተካ፣ ሁሉም በአንድ ወር ሲወርድባቸው ከባድ ነው። ብዙ ወላጅ ግን በዚያ ወር የሚጠይቀው ስለ ዩኒፎርሙ ነው።

ደግሞም ሁሉ ነገር ትምህርት ቤት አይደለም። ቤት አለ። ጓደኛ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ሃርተር ልጆች ራሳቸውን በአንድ ሚዛን ብቻ እንደማይለኩ አሳይታለች። ትምህርት፣ ስፖርት፣ መልክ፣ ጓደኝነት፣ ጠባይ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሚዛን አለው። አንዱ ሲጎድል ሌላው ይደግፋል። እኔን በአምስተኛ ክፍል የደገፈኝ ድርሰት ነበር። ሒሳብ የማይሆንለት ልጅ ሌላ ምንም የሚሆንለት ነገር የሌለበት ትምህርት ቤት፣ ሥዕልም ስፖርትም ቴአትርም ለፈተና ሲባል የተሰረዘበት፣ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሌላ የሒሳብ መምህርት መጡ። የቤት ሥራ ሰብስበው፣ ስም ሳይጠቅሱ፣ ከደብተሮቹ አንድ ስህተት መርጠው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። አንድ ቀን የጻፉት ይህን ነበር፦ አንድ በኤክስ ሲደመር አንድ በዋይ፣ ሁለት በኤክስ ሲደመር ዋይ ነው። ላይኛው ከላይኛው፣ ታችኛው ከታችኛው። ያው የአምስተኛ ክፍሉ ስህተት፣ አድጎ ፊደል ለብሶ መጣ። ሆዴ ተላወሰ።

«ይህን የሠራው ሰው ዝም ብሎ አልገመተም» አሉ። «ደንብ አለው። እስቲ ደንቡን እንፈትነው። ግማሽ ሲደመር ግማሽ በዚህ ደንብ ስንት ይመጣል?»

ክፍሉ ትንሽ አሰበ። እሳቸውም ጠበቁ። «ሁለት አራተኛ!» አለ አንዱ። «እሱማ ግማሽ ነው!» አለች ሌላዋ። ግማሽ ዳቦ ላይ ግማሽ ዳቦ ጨምረን ግማሽ ዳቦ ቀረን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። የሳቅነው በደንቡ ነበር።

መምህርቷ ስሜን አልጠሩም። የማን ስህተት እንደሆነ ማንም አላወቀም። እኔ ግን ከጎኔ ወደተቀመጠው ልጅ ጠጋ አልኩና «የኔ ነው» አልኩት።